ዝም ያለው ክፍል ይመስክር
የሥዕል ፊልም ካሚዮኖችን እውነተኛ ዘር ስለ መለየት

«ካርስ» በተባለው የፒክሳር ሥዕላዊ ፊልም ውስጥ ብዙ ተመልካች ስቆ የሚያልፈው አንድ ትንሽ ትርኢት አለ። ላይትኒንግ ማክዊን የተባለው ቀዩ የውድድር መኪና ሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ ከተጫነበት ተሳቢ ተንሸራቶ ይወርድና ተሸካሚውን ማክን ፍለጋ ይሮጣል። ከፊቱ አንድ ትልቅ ካሚዮን ሲሄድ ያያል፤ ማክ መስሎትም እየተጣራ ይደርስበታል። ካሚዮኑ ግን ማክ ሳይሆን ፒተርቢልት ነው። በሌላ ፋብሪካ ስም መጠራቱን እንደ ስድብ ቆጥሮ በቁጣ ይመልስለታል።

ይህን ትርኢት ባለፈው ሴሚስተር በመኝታ ክፍላችን ስድስት ሆነን ስናይ እኛም ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወደ ክርክር ተለወጠ። ማክዊን የተሳሳተውን እኛስ አንሳሳትምን? ዝገት የበላው፣ ጥርሱ የገጠጠው፣ ኮፈን የሌለው ጎታቹ ሜተር የማን ፋብሪካ ልጅ ነው? ግማሻችን «ሸቭሮሌት ነው» አልን፤ ግማሻችን «ኢንተርናሽናል ነው» አልን። የአንድ ሳምንት ማኪያቶም ተያዘበት። በመካከላችን አባቱ መካኒክ የሆነ አንድ ጓደኛ ነበር፤ እርሱ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን «ፊቱን ተዉትና ፓራፋንጎውን እዩ» አለን። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባንም። በኋላ ስንመረምረው ግን የጉዳዩ ቁልፍ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ይህንም ጽሑፍ የጻፍነው ስለዚሁ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. እውነተኛው ካሚዮን እንዴት ይታወቃል?

ሥዕሉን ከመመርመራችን በፊት ብረቱን እንመልከት። አንድ አሮጌ አሜሪካዊ ካሚዮን በአንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ ብናገኝ፣ ሊብሬው ቢጠፋ እንኳ፣ ዕድሜውን የሚነግሩን ምስክሮች አሉ።

አንደኛው ምስክር የፊት መስተዋት ነው። የሸቭሮሌት የጭነት መኪኖች ከ1947 ጀምሮ በአዲስ መልክ ወጡ፤ እስከ 1953 ድረስ የፊት መስተዋታቸው በመካከሉ ምሰሶ ያለበት ሁለት ቁራጭ ነበር። በ1954 አንድ ወጥ ሆነ። በ1955 ደግሞ ፋብሪካው ጋቢናውን ለውጦ መስተዋቱን ወደ ጎን እስኪታጠፍ ድረስ ጠመዘዘው። እንግዲህ መስተዋቱን ብቻ አይቶ «ይህ ከ1954 በፊት ነው፤ ይህ ከዚያ በኋላ ነው» ማለት ይቻላል። በኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ዘንድም እንዲሁ ነው። በ1947 የወጣው «ኬ ቢ» የሚባለው ተከታታይ ሁለት ቁራጭ መስተዋት ነበረው፤ በ1950 የተተካው «ኤል» ግን ጠመዝማዛ አንድ ወጥ መስተዋት ይዞ መጣ። እርሱም በ1953 ለ«አር» ቦታውን ለቀቀ።

ሁለተኛው ምስክር መብራቱ ነው። ከ1940 ጀምሮ የአሜሪካ መኪኖች አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ የታሸጉ፣ ክብ የፊት መብራቶችን ይጠቀሙ ነበር፤ ግራና ቀኝ አንድ አንድ። በ1958 የሸቭሮሌት ካሚዮኖች በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት መብራት አደረጉ። ስለዚህ አራት መብራት ያለውን ሸቭሮሌት «የ1955 ነው» የሚል ሰው ቢገጥመን በትሕትና ልናርመው እንችላለን።

ሦስተኛው ምስክር የራዲያተሩ ፍርግርግ ነው። ለዚህ ካሚዮን ባይሆንም የቅርብ ዘመድ የሆነውን ጂፕን እንጥቀስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዊሊስ የሠራው የጦር ጂፕ ከብረት ሰሌዳ የተቀረጸ ፍርግርጉ ዘጠኝ ቀዳዳዎች ነበሩት። በ1945 ለሲቪል ሰው የወጣው ወንድሙ ግን ሰባት ብቻ አለው። ሁለቱን ከሩቅ የሚያይ ሰው ይሳሳታል፤ ቀርቦ የሚቆጥር ሰው ግን ወታደሩን ከገበሬው ይለያል።

አራተኛው ምስክር ስሙ ነው። «ኤል-170» ሲባል ፊደሉ ተከታታዩን፣ ቁጥሩ ደግሞ የጉልበቱን ደረጃ ያሳያል። «ኤል-110» ትንሹ የግማሽ ቶን ፒካፕ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካሚዮኑም ይከብዳል። ስለዚህ ስሙ ራሱ አጭር የሕይወት ታሪክ ነው።

2. ሠዓሊው ምን አደረገ?

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። መኪናን ሰው ለማስመሰል የሚፈልግ ሠዓሊ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ዓይኑን የት ላድርግ?» የሚል ነው። በብዙ የልጆች ሥዕሎች የፊት መብራቶቹ ዓይን ይሆናሉ። ዋልት ዲዝኒ በ1952 ስለ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና፣ ስለ ሱዚ፣ ባወጣው አጭር ፊልም ግን ዓይኖቹ የፊት መስተዋቱ ላይ ተቀመጡ። በ2006 ለሕዝብ የቀረበውን «ካርስ»ን ያዘጋጀው ጆን ላሰተርም ይህንኑ መንገድ መረጠ። ዓይኖቹ መስተዋቱ ላይ ሲሆኑ ኮፈኑ አፍንጫ፣ ፍርግርጉና ፓራውልቱ ደግሞ አፍ ይሆናሉ፤ የመኪናው ፊት በሙሉ የሰው ፊት ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

የጓደኛችን ቃል የገባን እዚህ ላይ ነው። መስተዋቱ ዓይን ለመያዝ ሲባል ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ቅንድብም ይበቅልበታል። ፍርግርጉ አፍ ነውና ሲስቅ ይለጠጣል፣ ሲያዝን ይጎብጣል። እንዲህ ከሆነ በጋራዥ ግቢ ውስጥ ከሁሉ የታመኑት ምስክሮች፣ መስተዋቱና ፍርግርጉ፣ በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ እምነት የሚጣልባቸው ይሆናሉ። መስተዋቱን አይቶ «ሜተር የዚህ ዓመት ነው» የሚል ሰው የብረት ታሪክ ሳይሆን የሠዓሊ ፈቃድ ያነባል።

ታዲያ ማን ይመስክር? የማይናገረው ክፍል ይመስክር እንላለን። ፓራፋንጎው አይናገርም፤ የጋቢናው ጀርባ አይስቅም፤ ቸርኬው አያለቅስም፤ ከኋላ የተተከለው ማንሻ ክንድ የልብ ስሜት የለውም። ሠዓሊው ለእነዚህ ሥራ አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ ከአርአያቸው እንዳሉ ሊቀዳቸው ይችላል። ሕጉ አጭር ነው፤ በሥዕል ፊልም ውስጥ የሚናገረው ክፍል ስለ ሠዓሊው፣ ዝም ያለው ክፍል ስለ ፋብሪካው ይናገራል።

3. ሜተር ማን ነው?

ሕጉን በሜተር ላይ እንሞክረው። መጀመሪያ የጎደሉትን እንቁጠር። ሜተር ኮፈን የለውም፤ ስለዚህ የፋብሪካው ምልክት የሚለጠፍበት ዋናው ቦታ ጠፍቷል። ከሁለቱ የፊት መብራቶችም አንዱ የለም። ታርጋውን እንይ ያልን እንደሆነ «ኤ 113» ይላል፤ ይህ ግን የመንገድ ባለሥልጣን የሰጠው ቁጥር አይደለም። ላሰተርና ሌሎች የፒክሳር ሰዎች በተማሩበት በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም የሚገኝ የአንድ መማሪያ ክፍል ቁጥር ነው፤ በፊልሞቻቸው ውስጥ እንደ ወዳጅነት ምልክት እየደበቁ ያስገቡታል። ታርጋን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። ስሙም ቢሆን ቀልድ ነው። «ቶው» በእንግሊዝኛ መጎተት ማለት ነው፤ «ቶው ሜተር» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ሲነገር «ቶሜቶ» የተባለ ይመስላል። እንግዲህ ጎታቹ ካሚዮን ስሙ ቲማቲም ሆነ ማለት ነው።

የቀረን ዝም ያለው ክፍል ነው፤ ይኸውም ያበጠው ክብ ፓራፋንጎ፣ ትከሻው የከበደ ሰውነት፣ ከኋላውም ማንሻ ክንድ ከነመንጠቆው። እነዚህ ወደ 1950ዎቹ መጀመሪያ ይመሩናል። ከዚያ ወዲያ የሚያደርሰን የፊልሙ የዝግጅት ታሪክ ነው።

በ2001 ላሰተርና ጓደኞቹ፣ ከእነርሱም ጋር የታሪኩ ጸሐፊ ጆ ራንፍት፣ «መንገድ 66» የሚባለውን አሮጌ ጎዳና ለማጥናት ጉዞ ወጡ። መሪያቸው የዚሁ ጎዳና ታሪክ ጸሐፊ ማይክል ዋሊስ ነበር፤ ኋላም በፊልሙ ውስጥ ለሸሪፉ ድምፁን ሰጥቷል። መንገድ 66 በ1926 ቁጥር ተሰጥቶት ቺካጎን ከሎስ አንጀለስ አካባቢ ያገናኝ የነበረ ጎዳና ነው። ሰፋፊዎቹ አዳዲስ አውራ ጎዳናዎች በጎኑ ሲያልፉ መንገደኛው ቀነሰ፣ ነዳጅ ማደያውና ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ በ1985 ከብሔራዊ ጎዳናዎች መዝገብ ተሰረዘ። ፊልሙ የሚያወራው ስለዚህ መረሳት ነው።

ጎዳናው በካንሳስ ግዛት የሚያልፈው ለ21 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ስሟን ከእርሳስ ማዕድን የወሰደች ጋሌና የምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ አለች። መንገደኞቹ በ1951 የተሠራ፣ ማንሻ ክንድ ያለው፣ ሥራ ፈቶ የቆመ ኢንተርናሽናል ኤል-170 ያገኙት በዚያች ከተማ ነው። ራንፍት በዚያ ዝገት ውስጥ ገጸ ባሕርይ አየ። የሜተር ዋና አርአያ ያ ነው። ራንፍት ግን ፊልሙን ለማየት አልበቃም፤ በ2005 በመኪና አደጋ ሞተ።

ውርርዱን ኢንተርናሽናል የሚለው ወገን አሸነፈ ማለት ነውን? ጥቂት እንታገሥ። ሠዓሊዎቹ ከጋሌናው ካሚዮን ሌላ ከ1950ዎቹ አጋማሽ የሸቭሮሌት ጎታች መኪናም መልክ እንደ ቀላቀሉበት በሰፊው ይነገራል። ሥራውም ተለውጧል፤ የጋሌናው ካሚዮን በማንሻ ክንዱ ዕቃ ለማንሳት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሜተር ግን በመንገድ የተበላሸ መኪና ይጎትታል።

ስለዚህ «ሜተር ማን ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ የሚመስለው ሦስት ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ሠዓሊው ቆሞ ያየው የትኛውን ካሚዮን ነው? ለዚህ መልሱ በጋሌና የቆመው የ1951 ኢንተርናሽናል ነው። በሥዕሉ ላይ የማን የማን አካል ይታያል? ለዚህ መልሱ የኢንተርናሽናልና የሸቭሮሌት ነው። በታሪኩ ውስጥ የማን ፋብሪካ ልጅ ነው? ለዚህ መልሱ የማንም ነው፤ እርሱ ሜተር ነው። የስድስታችን ጠብ የመጣው አንዱ ወገን የመጀመሪያውን፣ ሌላው ወገን የሁለተኛውን ጥያቄ እየመለሰ ስለ ተጯጯኸ ነው። ማኪያቶውንም እኩል ከፈልን።

4. ሌሎቹስ?

ሦስቱን ጥያቄዎች የያዘ ሰው ከሌሎቹ ጋር ብዙ አይቸገርም። ተሸካሚው ማክ ቀላሉ ነው፤ ስሙን ከፋብሪካው በቀጥታ ወስዷል። የ1985 «ሱፐር ላይነር» ነው ይባላል፤ ይህ ዓይነት ከ1977 እስከ 1993 የተሠራ፣ ረጅምና ማዕዘናማ ኮፈን ያለው ካሚዮን ነው። ከሜተር ጋር ሲነጻጸር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በእውነተኞቹ ማክ ካሚዮኖች ኮፈን ላይ ከ1932 ጀምሮ የቡልዶግ ውሻ ምስል ይቀመጣል፤ ቅጽሉ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭቃ ውስጥ ከሠራው «ኤ ሲ» ከሚባለው ካሚዮን ጽናት የተነሣ ነው።

በ2017 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ውስጥ ያለው አሮጌው አሠልጣኝ ስሞኪ ግን ጠለቅ ያለ ነገር ይዟል። ሰውነቱ በ1940ዎቹ የተሠራ የሃድሰን ፒካፕ ነው። ሃድሰን ፒካፕ መሥራት ያቆመው በ1947 ሲሆን፣ ፋብሪካው ራሱ በ1954 ከናሽ ጋር ተዋሕዶ አሜሪካን ሞተርስ ሆነ። ስሙ ደግሞ የእውነተኛ ሰው ነው፤ ከ1923 እስከ 2001 የኖረው ስሞኪ ዩኒክ ስመ ጥር የውድድር መካኒክ ነበር፤ በ1951ና በ1953 የአሜሪካን የስቶክ ካር ውድድር ላሸነፈው ለኸርብ ቶማስ የሃድሰን መኪናዎችን ያዘጋጅ ነበር። በመጀመሪያው ፊልም ያየነው ሽማግሌው ዶክ ደግሞ የ1951 ሃድሰን ሆርኔት ነው። እንግዲህ ሠዓሊዎቹ ለሃድሰኑ እሽቅድድመኛ የሃድሰን ፒካፕ አሠልጣኝ ሰጡት። የብረቱን ዘር የማያውቅ ተመልካች ሁለት ሽማግሌ መኪና ያያል፤ የሚያውቀው ግን አንድ ቤተሰብ ያያል። መለየት ጨዋታ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው፤ የታሪኩ ግማሽ የተጻፈው በቆርቆሮው ላይ ነው።

5. አንድ ወጥመድ

ወደ ጋሌና እንመለስ። ከፊልሙ በኋላ ያ የ1951 ካሚዮን ታዋቂ ሆነ። በአሮጌው ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት ቆሞ ጎብኚ ይቀበላል፤ «ቶው ቴተር» የሚል ስምም ወጥቶለታል፤ «ቴተር» በአሜሪካ የገጠር አነጋገር ድንች ማለት ነው። ቲማቲሙ ድንች ወንድም አገኘ። ከሁሉ ይልቅ ልብ የምንለው ግን በፊት መስተዋቱ ላይ ዓይን የተደረገለት መሆኑን ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተገለበጠ ተመልከቱ። በመጀመሪያ ሥዕሉ ከብረቱ ተቀዳ፤ አሁን ብረቱ ከሥዕሉ ተቀዳ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን ካሚዮን የሚያይ ተማሪ «እነሆ፣ ዓይኑ ሳይቀር ሜተር ነው፤ ማስረጃው ይኸው» ቢል ማስረጃ ያለው ይመስለዋል፤ ያለው ግን የገደል ማሚቶ ነው። በሥነ ጥበባት ፋኩልቲ የምንማር ሁሉ ይህን በሽታ እናውቀዋለን። አንድ ዜና መዋዕል ከሌላው ይቀዳል፤ ኋላ የመጣው ጸሐፊ ሁለቱን እንደ ሁለት ምስክር ይቆጥራቸዋል። ምስክሩ ግን አንድ ነው። የጋሌናውን ካሚዮን ስንመረምር ዓይኑን ማንሳት፣ ከፊልሙ በኋላ የተጨመረውን ከፊልሙ በፊት ከነበረው መለየት ይገባናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፓራፋንጎና ማንሻ ክንድ ነው፤ እርሱም በቂ ነው።

ይህን ስንል በጋሌና ሰዎች ላይ መፍረዳችን አይደለም። ዓይን ባይደረግለት ኖሮ ምናልባት ያ ካሚዮን ዛሬ ቀልጦ የቤት ክዳን በሆነ ነበር። አንድ ሰው ቆሞ ስላየው ዳነ።

6. ወደ ቤታችን

በመጨረሻ ጥያቄው ወደ እኛው መንገድ ያመራናል። በአገራችን ጎዳናዎች «ኤን ትሬ» የሚባለውን ጣሊያናዊ ካሚዮን የማያውቅ የመንገድ ዳር ልጅ የለም። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ የፊደልና የቁጥር ንባብ ነው፤ ካሚዮኑ በ1952 የጀመረው የፊያት 682 ዘር «ኤን 3» ነው። ልክ እንደ «ኤል-170» የፋብሪካ ቁጥር ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን የቤት ስም ሆነ። አፍንጫ የለውም፤ ጋቢናው ከሞተሩ በላይ ተቀምጧልና ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሊያናግረው ቢነሣ ዓይኑን ከላይ፣ አፉን ከታች አድርጎ ይሥለው ይሆናል፤ መካከሉን በምን እንደሚሞላው ግን ራሱ ይጨነቅበት።

ዘሩን ለመለየት የሚነሣ ሰውም የራሱ ጭንቀት ይጠብቀዋል። ጋራዦቻችን የአንዱን ሞተር ለሌላው፣ የሌላውን ጋቢና ለአንዱ እየሰጡ፣ ካሶኒውን በእጃቸው እየቀጠቀጡ ያኖሯቸው ካሚዮኖች ብዙ ናቸው። ፒክሳር በሠዓሊ ምርጫ የቀላቀለውን የእኛ መካኒክ በመለዋወጫ እጦት ቀላቅሎታል። ስለዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች እዚህም ያገለግላሉ። ከፋብሪካ ሲወጣ ማን ነበር? አሁን የማን የማን አካል አለበት? ባለቤቱስ ማን ብሎ ይጠራዋል? የሦስተኛውን መልስ የሚያውቁት ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ እያረጁ ነው።

ውርርዱን ያስነሣው ጓደኛችን በዚህ ክረምት ወደ ቤቱ ሲሄድ አባቱን ተቀምጦ ሊጠይቅ፣ የሚነግሩትንም በደብተር ሊጽፍ ቃል ገብቶልናል። አባቱ በእጃቸው ያለፉትን ካሚዮኖች በስማቸው፣ አንዳንዶቹንም በሕመማቸው ያስታውሳሉ አሉ። ከመካከላችሁ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ ሾፌር የነበረ ካለ እንዲሁ ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን። ፓራፋንጎው ዝም ብሎ ይመሰክራል፤ ሰው ግን ካልጠየቁት ዝም ብሎ ይሄዳል።